ከሸምበቆማ ደን የወጡ ሁለት እንጉዳዮች

ምንይችልን የምበቀልበት ነገር እንጉዳይ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሌላውን ነበር የማስበው፤ ክስ፣ ስድብ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለንስሐ አባት እንኳ የማይነገር ነገር። ዘመናይ እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የወንድም የሴትም ልብስ እሰፋለሁ፤ በጥልፍ ግን የሚበልጠኝ ሰው በከተማው አለ ቢሉኝ አላምንም። ስፌት ላይ የሚውል ሰው እጁ ቢሠራም ሐሳቡ ሥራ ፈት ነው፤ እኔም በየስፌቱ ምንይችልን ስወጋው ውዬ ስወጋው አመሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ወርዳችሁ አንድ ሰዓት በእግር ስትሄዱ ሸምበቆማ ሚካኤልን ታገኛላችሁ። ዙሪያው እርሻ ነው፤ ደኑ ብቻ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል። አባቴ ወልደ ሰንበት የዚያ ደን ጠባቂ ነበር። ደኑ በካህናት የተገዘተ ነው፤ እንኳን ዛፍ የቆረጠ፣ የወደቀ ጭራሮ ከደጀ ሰላሙ ያወጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው። አባቴ ግዝቱን ከማንም አብልጦ ይፈራው ነበር። ከጥበቃ ሲመለስ ጋቢውን በር ላይ ያራግፍና የተጣበቀበትን ቅጠል ለቅሞ፣ ያን ሁሉ መንገድ መልሶ ሊያደርሰው ይሄዳል። እናቴ «ቅጠሉ ነገም ይደርሳል» እያለች ትስቅበት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ አባቴ ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ መርጡለ ማርያም ሄደ። ሲመለስ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ትልቁ ዝግባ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቶ አገኘ። አውጫጭኝ ተጠራ። አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ካህኑ «ያየህ የሰማህ ተናገር» ብለው ገዝተው፣ ሰው በየተራው የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። የደኑ ጎረቤት ምንይችል ተነሣና ዛፉን የሸጠው ጠባቂው ራሱ ነው፣ ንግሥ ሄድኩ ያለውም ለሽፋን ነው አለ። አንድ ምስክርም አቆመ፤ ምስክሩ «ከመጋዝ ሠራተኞች ጋር ሲዋዋል አይቼዋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ አባቴን «ማልና ንጹሕ ሁን» አሉት። አባቴ ግን «እንኳን ለሐሰት ለእውነትም በሚካኤል ስም አልምልም» አለ። በእኛ አገር መማል የሚፈራ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እግዚአብሔርን ፈሪ ነው ወይ ሌባ ነው። እነሱ ሌባ ነው አሉ።

አባቴ ከጥበቃው ተሻረ። ሁለት ዓመት ሰው ሰላም ሲለው መሬት መሬት እያየ ኖረና ሞተ። ሐኪም ጉበቱ ነው አለ፤ እኔ ምንይችል ነው እላለሁ። እኔም የሌባ ልጅ ተባልኩ፤ ያጨኝ ቤት ሽማግሌ ልኮ ነገሩን አፈረሰው፤ ጓዜን ጠቅልዬ ደብረ ማርቆስ ገባሁና የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ዝግባው የት እንደተሰነጠቀ ግን አውቃለሁ። ከደኑ አጥር ማዶ ምንይችል ዛፍ የሞላው የራሱ መሬት አለው፤ የመጋዙን ዱቄት ክምር እዚያ በዓይኔ አይቻለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያውም የተከሳሹ ልጅ፤ ማን ይሰማኛል? ምስክሩም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው ሁለት ነገር ሆነ፤ የአባቴ ስም እንዲነጻ፣ ምንይችልም አባቴ አንገቱን በደፋበት ቦታ አንገቱን እንዲደፋ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።

በ2014 ሰኔ ሕሊና የምትባል ወጣት ሱቄ መጥታ ስልሳ ትንንሽ የአቡጀዲ ከረጢት አዘዘችኝ። ለምን ብላት ለእንጉዳይ አለች።

«እንጉዳይ? የጅብ ጥላ?»

«አዎ እትዬ፣ የጅብ ጥላ። በፌስታል ሲያዝ ይታፈንና ይበሰብሳል፤ ጨርቅ ይሻለዋል።»

ሥራዋ የዱር እንጉዳይ ማጥናት ነው። ብቻዋን ስለማትችለው በጎ ፈቃደኞች ሰብስባለች፤ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ሳትቀር። ክረምት በገባ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ካህናቱን እያስፈቀዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ይዞራሉ። ሌላው ደን ስላለቀ ብርቁ እንጉዳይ የቀረው እዚያ ነው አለችኝ። የክረምቱን ዝርዝር ስታሳየኝ ሸምበቆማ ሚካኤል አለበት።

«ብርቅ የሆነው ከተገኘስ ምን ይደረጋል?»

«ቦታው ይከለላል። የሰው የግል መሬት ቢሆንም ዛፍ አይቆረጥበትም፤ ከወረዳው ጋር ተስማምተናል።»

መኪናዬን አቆምኩ። ምንይችል ያን ዛፉን በጥቅምት መንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት እንደሆነ፣ አጣናውን ገና ሳይበቅል የሚገዛው ነጋዴ እንደያዘ፣ ከዚያ አገር የመጣች ደንበኛዬ ከሳምንት በፊት ነግራኛለች። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ነገር ነው ብላኛለች። የከረጢቱን ዋጋ አልቀበልም፣ እኔንም መዝግቢኝ አልኳት። ሕሊና ተነሥታ አቀፈችኝ። እንደ እርስዎ ያለ ልበ ቀና ሰው አላየሁም አለችኝ፤ እኔም አላረምኳትም።

እውነቱን ልናገር፤ ሥራውን ወደድኩት። ደኑ ውስጥ በባዶ እግራችን ነው የምንገባው። በሁለት ክንድ ርቀት ተሰልፈን፣ በበትር ቅጠል እየገለጥን፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን። የተገኘው ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ቀለሙ፣ ሽታው፣ የበቀለበት ዛፍ በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ያገኘው ሰውና የቦታው ባለቤት ይፈርማሉ። አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ በአንድ ቦታ የበቀለው ከአምስት ካነሰ አይነካም። ሕሊና ይህን ሕግ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የምትደጋግመው። ለሌላው ሰው ቡኒ የሆነ ነገር ለእኔ ሰባት ዓይነት ክር ስለሆነ፣ ቀለም መናገር ሲኖርበት እኔ እጠራ ነበር። እንግዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለቀሚስ ብቻ አልሆነም፤ ይህ ደስ አለኝ።

ሸምበቆማ የሄድነው ሐምሌ 16 ነው። ጠዋቱን ዝናቡ አባራ፤ ደኑ ይንጠባጠባል። ከሰልፉ ዳር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ ሥር ቅጠል ስገልጥ ሁለት እንጉዳይ አየሁ። ቁመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። ከላይ እርጥብ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ጎንበስ ብዬ ከሥራቸው ሳይ ግን ሐምራዊ ናቸው፣ ያውም በስፌት ዘመኔ ሁሉ በክር አግኝቼው የማላውቅ ሐምራዊ። ወዲያው አወቅኋቸው። ሕሊና በስልኳ ያሳየችን ነበሩ፤ በአገራችን አንድ ቦታ ብቻ ታይቶ ያ ቦታ ተመንጥሮ ጠፋ ያለችው። «ይህን ያገኘ ሰው ጮኾ ይጥራኝ» ብላናለች።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቀና ስል በአጥሩ በኩል የምንይችል ዛፎች ታዩኝ።

ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ። መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዙሪያቸውን ቆፈርኩ፣ ከነአፈራቸው አነሣኋቸው፣ በከረጢት አድርጌ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኋቸው። ግዝቱን ረስቼው አይደለም። ደጀ ሰላሙ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ሚካኤል፣ አባቴ ላይ ሲፈረድበት ዝም ብለሃል፤ አሁንም ዝም በል» አልኩት። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምንይችል መሬት ውስጥ ገብቼ አንድ ኮሶ ሥር የሸሚዝ ኪስ እንደሚለጠፍ አድርጌ ለጠፍኳቸውና ዙሪያቸውን ቅጠል አለበስኩት።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ወደዚያው ተሻገረ፤ ሕሊና አስቀድማ አስፈቅዳዋለች። ምንይችል ጃንጥላ ይዞ ተቀበለን። ስልሳውን ቢጠጋም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

«የወልደ ሰንበት ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከተማ ተስማምቶሻል» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ምንይችል» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ትንሽ ዞር ዞር ብዬ «ሕሊና!» ብዬ ጮህኩ።

ልጅቱ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ከበበን። ምንይችል ዝቅ ብሎ ቁንጥር አፈር አነሣ፣ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና ጣለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ደስታ ልቤን ነፍቶት ነበር። ቦታው እንደሚከለል ሕሊና ስታስረዳው አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። «ይህን ዛፍ ሳላስነካ የቆየሁት ለዚሁ ነው፤ አባቶቻችን የተከበረ ቦታ ነው ይሉን ነበር» አለና ካርዱ ላይ ፈረመ። እኔም ከስሙ ጎን ዘመናይ ወልደ ሰንበት ብዬ ፈረምኩ። በዚያ ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሲዘፍን አብሬ አጨበጨብኩ።

እንጉዳዮቹ በሦስተኛው ቀን ጠወለጉ። ሕሊና አልተጨነቀችም፤ የሚታየው ፍሬው ነው፣ ዋናው አካሉ መሬት ውስጥ ነው፣ ለከርሞ ይመጣል አለች። ቦታው ታጠረ፤ የባሕር ዛፉ ነገር ቀረ። እኔም ሁለት ወር ሙሉ እየሳቅሁ ሰፋሁ።

በመስከረም መጨረሻ ሕሊና ሱቄ ገባች፤ ፊቷ ያበራል። ወረዳው ለምንይችል የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ነው። ዛፉን ስለጠበቀ በምትኩ ለባሕር ዛፉ የሚሆን መሬት ከመንገድ ዳር ተሰጥቶታል። «ይህ ብቻ መሰለዎት? የደብሩ ሰበካ ጉባኤም የደኑ ጥበቃ ኃላፊ ሊያደርገው ነው። ጥቅምት 12 ከቅዳሴ በኋላ። እርስዎም ያገኙት ሰው ስለሆኑ ንግግር ያደርጋሉ።»

«አባቴ የነበረበት ቦታ ላይ?»

«አባትዎ እዚያ ነበሩ እንዴ?» አለች፤ ምንም አታውቅም።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ከንፈሬን አብሬ መንከሴን አፌ ደም ደም ሲለኝ ነው ያወቅኩት። እርር ድብን አልኩ። አጠፋዋለሁ ያልኩትን ሰው በገዛ እጄ አንሥቼ አባቴ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሐሰት ነው ብዬ እንዳልናገር ደግሞ ሌባዋ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ምንይችል ራሱ መጣ። ጃንጥላውን በር ላይ አስደግፎ ገባና ዙሪያውን አየ።

«እንደምን ዋልሽ? የሳሪያን ኮት ስፊልኝ። ለሚካኤል የምለብሰው።»

እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። ሜትሬን አነሣሁ፤ ትከሻውን ለካሁ፣ ደረቱን ለካሁ፣ አንገቱ ላይ አዞርኩት።

«ላላ አድርጊው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀንስ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ቀጠለ። «የኔ መሬት ቀይ ነው። ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አንዲት እፍኝ ጥቁር አፈር የለውም። ያንች እንጉዳይ ደግሞ እንደ ጥላሸት የጠቆረ አፈር ላይ ነው የቆመው። እንዲያ ያለ አፈር ከአጥሩ ማዶ ነው ያለው። አንች ክር ትመርጭ እንደሆነ እንጂ አፈር አታውቂም።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረድኩ። ስንት ዓይነት ቡኒ የምለይ ሴት፣ የአፈሩን ቀለም አላየሁም። ልጅነቴን የቆፈርኩበት አፈር ነበር፤ ከተማው አስረስቶኛል።

«አትፍሪ፣ አልናገርብሽም። ለምን ብዬ? በአባትሽ ጊዜ ምስክር መግዛት ነበረብኝ፤ ጊደሬን ነድቼ ሰጥቼው ነው የመሰከረልኝ። አንች ግን በነጻ መጣሽልኝ። አፍሽን ከከፈትሽ ደግሞ ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው፤ የወልደ ሰንበት ልጅ ናት እላለሁ። የቀረውን አገሩ ይጨርሰዋል።»

ይኸው አመነ። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል፣ ከእኔ በቀር ማንም ሳይሰማው፣ በገዛ ሱቄ ውስጥ ተነገረኝ። በመቀሱ ልወጋው አሰብኩ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ከልቤ አሰብኩት።

«እጅጌውስ ስንት ይሁን?» አልኩ።

ኮቱን አራት ቀን ሰፋሁት። እንደዚያ ያማረ ኮት ሰፍቼ አላውቅም። ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሠራሁት፤ ቁልፎቹን ከራሴ ገዛሁለት። በዚያ ቀን አገሬው ሁሉ ከእሱ ላይ ዓይኑን እንዳያነሣ ፈለግሁ። እየሰፋሁ አሰብኩ፤ ከተናገርኩ እሱ ያለው ይደርሳል፣ አባቴም ሁለተኛ ጊዜ ሌባ ይባላል፣ ያውም አሁን በሰማይ በምድር ማስተባበያ በሌለው ምክንያት። ዝም ካልኩ ምንይችል አባቴ በተሻረበት ቦታ ይሾማል፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ለእሱ ኮት እየሰፋሁ እኖራለሁ። የመጨረሻውን ቁልፍ ስተክል ቆርጬ ነበር።

በጥቅምት 12 ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከደኑ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ሚካኤል ከፊት ተቀምጠዋል፤ ያኔ በአባቴ ጊዜ የገዘቱትም እሳቸው ናቸው፤ አሁን በጣም አርጅተዋል። ምንይችል ከጎናቸው ነው። ኮቱ ልክክ ብሎለታል። ሚስቱ የኔአለም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ቀጭን ናት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባለች። ሕሊና ስለ እንጉዳዩ ተናገረች፣ የምስክር ወረቀቱን ሰጠችው፣ ተጨበጨበ። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«አባ፣ ግዝቱን የጣስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንጉዳዮቹ የበቀሉት እዚህ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ካለው ኮሶ ሥር። ነቅዬ፣ በነጠላዬ ደብቄ፣ በደጀ ሰላሙ አውጥቼ፣ እሱ መሬት ላይ ተከልኳቸው። ዛፉን እንዳይሸጥ፣ እንዲከስር ብዬ። ለሌላ አይደለም።»

 ከኋላ አንዱ «የአባቷ ልጅ!» አለ። «ድሮስ!» አለ ሌላው። «ዘር ነዋ!» አለች አንዲት ሴት። ምንይችል ያለኝን አንድ ቃል እንኳ መናገር አላስፈለገውም። ጉልበቱ ላይ የምስክር ወረቀቱን እያስተካከለ ፈገግ አለ። የአባቴ ስም በዚያ ሰዓት መሬት ላይ ነበር፣ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ልቤ እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም።

«ስጨርስ ትሰድቡኛላችሁ» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ማንም ሳይገዝተኝ ተናገርኩ። አሁን አባ ይግዘቱልኝ፤ በ98 ትልቁን ዝግባ ማን እንዳስቆረጠው የሚያውቅ ሰው ይናገር። አንተም ማል!» ወደ ምንይችል ዞርኩ። በሕይወቴ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። «አባቴ ለእውነት ያልማለውን አንተ ማል። ምስክሩን በጊደር አልገዛሁም በል። በሚካኤል ፊት በል!»

 ቄስ ወልደ ሚካኤል በልጅ ተደግፈው ተነሡ፣ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ገዘቱ፤ ያየ፣ የሰማ፣ የበላ፣ የደበቀ፣ ዝም ያለ እንደሆነ ብለው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ጫፍ ላይ ያለውም ሰው ሰማ።

ምንይችል ቀስ ብሎ ተነሣ። «ምን ከበደ፣ እምላለሁ» አለ። ኮቱን ሳብ አድርጎ አስተካከለ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። ይምላል። ፊቱን አይቼ አወቅሁ፤ ምንም ሳይመስለው ይምላል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ አልኩ።

«አትማል!»

የኔአለም ናት። ነጠላዋ ከራሷ ወድቋል፤ በሰው መካከል እየተጋፋች ወደ ፊት መጣች።

«አንች ሴትዮ፣ ተቀመጭ!»

«አልቀመጥም። የዝግባውን ብር በልተን ሁለት ልጅ ቀብሬአለሁ። ሁለት! አሁን በሚካኤል ስም በሐሰት ምለህ ሦስተኛዋን ታስወስድብኛለህ? አባ፣ እሱ ነው። በሦስት ሌሊት አስቆርጦ እኛ መሬት ላይ ያሰነጠቀው እሱ ነው። ወልደ ሰንበት የሚያውቀው ነገር የለም።»

 የልጆቹን ሞት በጊዜው ሰምቻለሁ፤ አላለቀስኩም፤ እንዲያውም እሰይ ብያለሁ፣ ይህንም እናገራለሁ። አሁን ግን የሴትየዋን ፊት ማየት አቃተኝ። እሱን አየሁ። እጁ እንደተዘረጋ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፣ አንገቱም ወረደ። የምስክር ወረቀቱ ከእጁ ወድቆ ሰው ረገጠው። ሰው ሁሉ ኮቱን ይመለከት ነበር፤ እኔም ጠገብኩ። ይህን ማየት ጣፋጭ አልነበረም ብል ዋሽቻለሁ።

ቄስ ወልደ ሚካኤል ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ወልደ ሰንበት ንጹሕ ነበር። የበደልነው እኛ ነን፤ መጀመሪያ እኔ» አሉና በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ወድቀው ሰገዱ። ሕዝቡም እግዚኦ አለ። «የአባቷ ልጅ» ያለው ሰውዬ ሲያለቅስ አየሁት። ለምንይችል የሁለት ዓመት ንስሐ ተሰጠው፤ ሁለት ዓመት ከደጀ ሰላም ውጭ ቆሞ እንዲያስቀድስ፣ በቆረጠው ዝግባ ፋንታ ሃምሳ ችግኝ አጽድቆ እንዲያስረክብ።

አባቴ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ደቡብ ነው። ስሙ ሳይነጻ መቃብሩ አጠገብ አልቆምም ብዬ ተስዬ ነበርና ከቀብሩ ቀን ወዲህ በዚያ ሳልፍ እንኳ ቆሜ አላውቅም። አሁን ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ ሁሉንም ልነግረው ነው። ተነሣሁ።

«አንች ወዴት ነሽ?» አሉ ቄስ ወልደ ሚካኤል። «ያንችስ?»

ቆምኩ።

«ግዝቱ ለእሱም ላንችም አንድ ነው። ከደኑ አውጥተሻል። ያወጣሽው እስኪመለስ ድረስ ከደጀ ሰላሙ ወዲህ አትለፊ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው አባ?»

እሳቸው ወደ ሕሊና ተመለከቱ። ሕሊና ከአንድ ዛፍ ጋር ተለጥፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ አላየችኝም ነበር።

«ስንት ነበሩ እትዬ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱንም ነቀሏቸው?»

«ሁለቱንም።»

«መሬቱንስ ቆፍረውታል?»

«በመቀስ ቆፍሬዋለሁ። ከነአፈራቸው ነው ያነሣኋቸው።»

ፊቷን አዞረች። «እንግዲያ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም አባ» አለች። «ላይመለስም ይችላል።»

በዚያው ቀን ከደኑ ወጣሁ። ሕሊና ስሜን ከበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር ሰረዘችው፤ አልፈረድኩባትም። ከረጢት ግን አሁንም እኔ ነኝ የምሰፋላት፤ መጥታ ታዛለች፣ ትከፍላለች፣ ትሄዳለች፤ እንደ ድሮው አታጫውተኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አለፈ። በአንዱ መንገዱ ተዘግቶ ማንም አልሄደም። በሁለቱ ግን ቡድኑ ሸምበቆማ በሚሄድበት ቅዳሜ እኔም በራሴ ትራንስፖርት እሄድና ደጀ ሰላሙ ውጭ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እነሱ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ እኔ እጠብቃለሁ። ሰው ተጸጽተሻል ወይ ይለኛል። ለኮሶው ሥር አዎ፤ ያ ሐምራዊ ቀለም በሕልሜ ይመጣብኛል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ለየኔአለምም አዝናለሁ። ለምንይችል አላዝንም። ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ዘንድሮም ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሕሊና ከደኑ ወጣችና ከሩቅ ራሷን ነቀነቀች። ቀርባ «የለም እትዬ» አለችኝ። ጫማዋን ስታስር ጠበቅኋትና ልነሣ ስል ምንይችል በመንገዱ መጣ። ሸብቷል፤ ያንኑ ኮት ነው የለበሰው፣ ክርኑ ላይ አልቋል። ንስሐውን ዓምና ፈጽሟል፤ ችግኞቹንም አስረክቧል። አላየኝም ወይም እንዳላየ ሆነ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ገባ። በዚያ በር ገብቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በአባቴ መቃብር አጠገብ ያልፋል።